ከአንድ እጅ ብቻ የሚበላው ውሻ

ላሊበላ መጥታችሁ «የውሻ የኔታ ቤት የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የባጃጁ ሾፌር ሌላ ምልክት ሳይፈልግ እኔ ደጅ ያወርዳችኋል። ስሜ ሲሳይ ነው፤ ግን ስሜን የሚያስታውሱት እናቴና ቀበሌው ብቻ ናቸው። ቄስና መሪጌታ በሞላበት አገር ውሻ አስተምሮ የሚኖር ሰው ሲገኝ ሌላ ምን ተብሎ ይጠራ? መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። በኋላ እኔው ራሴ ስልክ ሳነሳ «አቤት፣ የኔታ ነኝ» ማለት ጀመርኩ።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ የጥበቃ ድርጅት ግቢ ውስጥ ነው። መጀመሪያ የውሾቹ ጋጣ ጠራጊ ነበርኩ፤ ቀስ በቀስ ገመድ ያዥ፣ ከዚያ አሰልጣኝ ሆንኩ። አገሬ ስመለስ ለሆቴሎች ጠባቂ ውሻ ማሰልጠን ጀመርኩ፤ የአገሬ ሰው ስለ ውሻ የሚያውቀውን ሁሉ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። እዚህ ጆሮው የቆመ ውሻ ሁሉ «ጀርመን» ነው፤ ጠጉሩ የረዘመ ሁሉ «የፈረንጅ ውሻ» ነው፤ ትንሽ ከሆነ ጥርሱ አልቆ እንኳ «ቡቺ» ነው። ከሁለት ዘር የተወለደው «ክልስ» ይባላል፤ የቀረው በሙሉ የሀበሻ ውሻ ነው። ትምህርቱም ሁለት ቃል ነው፤ እንዲነክስ «ያዝ»፣ እንዲሄድ «ክላ»። እኔ ደግሞ «ቁጭ»፣ «ተኛ»፣ «ከጎኔ»፣ «ጠብቅ»፣ «ተወው» የሚሉ ትዕዛዞች ይዤ መጣሁ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

አያ አራጋውን ያወቅኋቸው በዚያ ሰሞን ነው። ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ተወጥቶ በሚደረስበት መንደር የሚኖሩ፣ ሰባ ያለፋቸው ገበሬ ነበሩ። አንድ ጠዋት ጎረምሳ ውሻ በጠፍር አስረው እየጎተቱ ደጄ ደረሱ። እናቱ የአገር ውሻ፣ አባቱ የአንድ ሆቴል ጀርመን፤ ደረተ ሰፊ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የወደቀ ክልስ ነበር።

«ስሙ ማነው?» አልኳቸው።

«ይታያል።»

ሳቅሁ። በእኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። ፊት ለፊት ቢባል የሚያጣላው ነገር ውሻ ተጠርቶ ይባላል፤ ተናጋሪውም «ውሻዬን ነው የጠራሁት» ብሎ ይገላገላል።

«ለማን ነው መልእክቱ?»

«ለፈንታው ነዋ። ሁለት በግ ጠፍቶብኛል። እሱ ይሁን ሌላ እግዜር ይወቀው። ብቻ ውሻዬን ስጠራ ይስማ ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታኅሣሥ ሲገባ ገብሱ ቤት እስኪገባ አውድማ ላይ ነው የምተኛው። ዘንድሮ ደግሞ እንቅልፌ ከበደ። እኔ ስተኛ የማይተኛ አድርግልኝ።»

ሦስት ወር ለፋሁበት። ይታያል በሕይወቴ ካሰለጠንኳቸው ሁሉ ፈጣኑ ነበር፤ አንድ ነገር ሁለቴ አሳይቼው አላውቅም። ትዕዛዝ በትክክል ሲፈጽም ከግራ ኪሴ ደረቅ ዳቦ አውጥቼ እሰጠዋለሁ፤ ዳቦውን ከመቀበሉ በፊት ዓይኔን ያያል። እውነቱን ልናገር፣ ወድጄው ነበር። የሰው ውሻ መሆኑን እየረሳሁ ለብቻዬ ሳወራው የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ሕጌ ከአንድ እጅ ብቻ እንዲበላ ነበር። እኔ ጋ ሳለ ከእኔ፣ ቤቱ ሲገባ ከአያ አራጋው። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ስንዱ ግን አልተቀበለችኝም። ስንዱ የእኔ እኩያ ናት፤ ትዳሯ ፈርሶ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ለማንም የማትመለስ ሴት።

«ውሻ የቤት ነው እንጂ የአንድ ሰው ነው እንዴ?» አለችኝ። «እኛ ዘንድ ውሻ ኸሁሉም እጅ ይበላል። እኔም ልወርውርለት፣ ጎረቤትም ይወርውርለት። ሰው የሚያውቀው በዚያ አይደለም?»

«ሌባውም ቢወረውርለት ሊያውቀው ነው?»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። የረታሁ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራፊ እንዳትሰጠው ከለከልኳት፤ አንድ ቀን ቁራሽ ስትወረውርለት አይቼ በአባቷ ፊት ተቆጣኋት። ይታያልም ተማረ። በኋላ በኋላ እሷ ያስቀመጠችውን ቅልጥም አሽትቶ ያልፈው ጀመር።

ሁለተኛው ትምህርት የአውድማው ነበር። አያ አራጋው በቀትር ጋቢያቸውን ተከናንበው አውድማው ላይ ይጋደማሉ፤ ይታያል ማንም ሳያዘው ሄዶ አጠገባቸው ይቆማል። ከዚያ ማንም ቢመጣ፣ ስንዱም ብትሆን፣ አያስደርስም። የሚለቀው እርሳቸው ወይም እኔ «ተወው» ስንል ብቻ ነው። የመጨረሻው ቀን የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ አየ። በዱላ አስፈራሩት፣ ሥጋ ወረወሩለት፣ ድንጋይ አነሱበት። ንቅንቅ አላለም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አያ ፈንታው ብቻ ከእርከኑ በላይ ቆመው አይተው አይተው፣ ምንም ሳይሉ ሄዱ። እኔ ደግሞ ያንን እንደ ሙገሳ ቆጠርኩት።

አደጋው የደረሰው ያንኑ ታኅሣሥ ነው። እኔ ጋሸና ነበርኩ፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከደሴ ቡችላ ሊያመጣልኝ ተቀጣጥረን፣ መገንጠያው ላይ ካለ ምግብ ቤት ተቀምጬ ስጠብቅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ስንዱ ነበረች።

«ሲሳይ፣ አባየ ወደቀብኝ።»

«የት? ምን ሆነው?»

«እሾህ ሊቆርጥ ምሳር ይዞ ወርዶ፣ የእርከኑ ድንጋይ ከዳው። እታች ጠርዟ ላይ ነው የወደቀ። ምሳሩ እግሩን በላው፤ ደም እየፈሰሰው ነው። አይናገርም። ብቻ ያቃስታል።»

«አንሷቸዋ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ውሻህ አላስጠጋን አለ» አለችኝ።

ውሻህ ነው ያለችው። ቦታውን አውቀዋለሁ። ከእርከኑ ሥር እንደ መደብ የሆነች ጠባብ መሬት አለች፤ ባንድ በኩል የድንጋይ ግድግዳ፣ በሌላው ገደል፣ መግቢያዋ አንድ ሰው የምታሳልፍ። ጌታው ተጋድሟል። ይታያል የተማረውን እያደረገ ነው።

«አንቺን አያውቅሽም እንዴ?» አልኳት፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያፈርኩት።

«አታስተዋውቁት ያልከን አንተ» አለች፤ መቆጣት እንኳ አልቻለችም፤ ታለቅሳለች።

ስልኩን አያ ፈንታው ተቀበሏት። ቀድመው የደረሱት እርሳቸው ኖረዋል። ልግባ ብለው ክንዳቸውን ነክሷቸዋል። ድንጋይ እንዳይወረወር ሰውዬውን ይመታል። ሥጋ ተወርውሮለት አላሸተተውም። ብርድ ልብስ ሊጥሉበት ሲሞክሩ ሽማግሌው አቃሰቱ፤ ሲያቃስቱ እሱ ባሰበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፋሻዋን ይዛ መጥታ ሃያ እርምጃ ላይ ቆማለች። አያ ፈንታው ይህን ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ ነገሩኝና «ጠመንጃዬን አምጥቻለሁ» አሉ። ዒላማ የማይስቱ ሰው መሆናቸውን አገር ያውቃል።

«ውሻው የት ነው ያለው፣ አያ ፈንታው?»

«ደረቱ ላይ ተለጥፏል።»

«እንግዲያማ አይተኩሱ። ሰውዬውን ያገኟቸዋል። ድምፄን ያውቀዋል፤ ስልኩን ከፍ ያድርጉልኝ።»

ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ወደ ውሻው ዘረጉት። እኔ ምግብ ቤቱ ደጅ፣ ሰው በሚርመሰመስበት መሃል ቆሜ «ይታያል» ብዬ ጠራሁ። «ይታያል፣ ተወው። ተወው። ና፣ ከጎኔ።» የሰሙኝ ሰዎች እየተጠቋቆሙ ሳቁብኝ።

«ሰማህ» አሉኝ አያ ፈንታው። «ጆሮውን ቀሰረ። ተነሳ።»

«ተወው፣ ይታያል። ና።»

«እየመጣ ነው። ወዲያና ወዲህ ያያል፤ አንተን ነው የሚፈልግ። አራት፣ አምስት እርምጃ ርቆታል።» የስልኩን ድምፅ ዝቅ አድርገው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ከዚያ በሹክሹክታ «ሲሳይ፣ ጥርት ብሎ ወጥቶልኛል። ጥይቱ ሰውዬውን አያገኘውም። ልምታው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቆሜ እናንተን ማናገር አለብኝ። ያቺ ጊዜ አጭር ነበረች፤ አሥር ቁጥር አያስቆጥርም። ግን ማሰብ አልቻልኩም አልልም፤ አስቤአለሁ። ድምፄን ሰምቶ የት ነህ እያለ ሲፈልገኝ፣ አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ ወድቆ ታየኝ። ጠርቼ አስመጥቼ ላስገድለው ነው አልኩ። ይህ ብቻም አልነበረም። የውሻ የኔታ ያሰለጠነው ውሻ በጥይት ተገደለ ሲባል፣ ወሬው በየሆቴሉ ሲዞር ታየኝ። የአያ አራጋው ፊት አልታየኝም።

«አይምቱት» አልኩ። «እየመጣሁ ነው፤ መንገድ ላይ ነኝ።»

መንገድ ላይ አልነበርኩም። ከተቀመጥኩበት ወንበር ገና አሥር እርምጃ አልራቅሁም።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። እኔ ስደርስ በአንድ ቃል ይለቃቸዋል።»

አያ ፈንታው ረዥም ተነፈሱ። «ተመለሰ» አሉኝ ቀጥለው። «ቢያጣህ ጊዜ ተመልሶ ተኛበት።» ከዚያ በኋላ ስልክ ውስጥ የወጣ ድምፄን አላመነውም፤ ደጋግሜ ብጠራው ቀና እያለ ያይና ይተኛል አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ኔትወርኩ ጠፋ።

የላሊበላ ሚኒባስ አገኘሁ፤ ግን ገና ሦስት ሰው ነበር የጫነው። ለገና የሚሄዱ ተሳላሚዎች ከነስንቃቸው እየመጡ ነው፤ ረዳቱ ደግሞ ካልሞላ አንሄድም አለ። ለመንኩት። «ሰው እየሞተ ነው» አልኩት። «ሁሉም የሚቸኩል እንዲህ ይላል» አለኝ። ሾፌሩን ለመንኩ፤ እሱም ወደ ረዳቱ መለሰኝ። ሌላ መኪና ፍለጋ መንገድ ላይ ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ፤ የቆመልኝ የለም። ተመልሼ ስመጣ የመጨረሻው ወንበር ሊያዝ ነበር፤ ተጋፍቼ ገባሁ። አጠገቤ የነበሩ መነኩሲት ምን ሆነህ ነው የምትቁነጠነጥ አሉኝ። ስልኬን በየደቂቃው አወጣለሁ፤ ወይ ጥሪ አይቀበልም ይለኛል፣ ወይ ይጠራና ይቋረጣል። መንገድ ላይ ከብት ሲያቋርጥ ቆምን። አንድ ተሳላሚ ታማ ቆምን። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ስልኩ ገባልኝ፤ ስንዱ ናት።

«የት ደረስህ?»

«ቀረብኩ» አልኳት። አልቀረብኩም። «እንዴት ናቸው?»

«ማቃሰቱን ትቷል። ተኛ መሰለኝ።»

ማቃሰት መተዋቸውን ለበጎ ተርጉማው ነበር። አላረምኳትም። ያኔ እንኳ፣ ያኔ እንኳ «አያ ፈንታውን ስጪኝ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ይህን ያህል ከጠበቁ ትንሽ ይጠብቁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ላሊበላ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ባጃጅ እስከሚችለው ወሰደኝ፤ የቀረውን ሽቅብ ሮጥኩ። ትንፋሼ አልበቃኝም፤ ሁለቴ ወድቄ ጉልበቴ ደማ። እርከኑ ላይ ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ሳዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ጉልበተኛ ጎልማሳ ሁሉ፣ እጁን አጣምሮ አንድ ሽማግሌ ሲደማ ሲያይ ነው ያረፈደው። የጤና ሠራተኛዋ ፋሻዋን አሁንም ይዛለች፤ ላብ አርሶት ተጨማድዷል።

ጠባቧ መግቢያ ላይ ቆሜ «ይታያል፣ ተወው» አልኩ።

ወዲያው ተነሳ። ጅራቱን እየቆላ፣ ሰውነቱን እያወዛወዘ መጣና እንዳስተማርኩት ከግራ ጎኔ ቁጭ አለ። ደረቱ በጌታው ደም ተለውሷል። ምላሱ ደርቆ ተንጠልጥሏል፤ ሲጠብቅ ውሃ አልቀመሰም። ቀና ብሎ ዓይኔን አየ። እኔም፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እጄ ኪሴ ገባችና ዳቦ አውጥታ ሰጠችው። ያ ሁሉ ሰው እያየ። አንዲት ሴት «ወይ አምላኬ» ስትል ሰማሁ።

የጤና ሠራተኛዋ እየሮጠች አልፋኝ ገባች። ተንበርክካ አንገታቸውን ዳሰሰች፤ ጆሮዋን ደረታቸው ላይ አደረገች፤ እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ ፋሻውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሙቀታቸው አልለቀቀም» አለች። «ገና አሁን ነው።»

ስንዱ ጮኸች። አያ ፈንታው የተነከሰ ክንዳቸውን እንዳቀፉ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ፤ እርሳቸው ግን ጋቢያቸውን አውልቀው ሽማግሌውን ሊሸፍኑ ገቡ።

በአርባቸው ዕለት ከድንኳኑ ወጥቼ አጥሩ ጥግ ቆሜ ሳለ አያ ፈንታው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ውሾቹ ሁሉ በየደጁ ታስረው ይጮሃሉ።

«እኔ ለምን አንተን እንደጠየቅሁህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«አራጋው ‹በጌን ሰረቀ› ብሎ ውሻውን በእኔ ላይ የሰየመ ሰው ነው። ያን ውሻ በገዛ ፈቃዴ ብገድለው፣ አራጋው ቢድን ቂሙን በውሻው ተወጣ እባል ነበር። ባይድን ደግሞ ሰውዬውንም እሱ ነው የመታው እባላለሁ። ካንተ አፍ ‹ምታው› የሚል ቃል ፈለግሁ። ለራሴ ስም ሳስብ ነው ያረፈድኩ።» መሬት መሬቱን አዩ። «ስልኩን የያዝኩ እኔ ነኝ። ያልከኝን ስንዱ አልሰማችም። እኔ አልነግራትም። ልንገራት ካልክ ደግሞ አልከለክልህም።»

ከድንኳኑ ሲጠሩን ሁለታችንም አብረን ገባን።

እናንት ይህን የምታነቡ፣ ውሻ ያላችሁም የሌላችሁም፣ ምክር ልሰጣችሁ አይደለም የጻፍኩት። የተለወጠ ነገር ካለ እነግራችኋለሁ። አሁን ውሻ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማስተምረው መልቀቅን ነው። ባለቤቱ ተጋድሞ፣ ሚስቱ ትጥራው፣ ልጁ ይጥራው፣ ጎረቤቱ ይጥራው፤ ለሁሉም ካልለቀቀ ለባለቤቱ አልመልስም። ቁራሽም ከቤተሰቡ ሁሉ እጅ ይበላል። አንዳንድ ደንበኞቼ «ይኼማ የማንም ውሻ ሆነ» እያሉ ሌላ አሰልጣኝ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ይሂዱ። ይታያል እኔ ጋ ነው። ስንዱ ውሰደው አለችኝ። እሱ ጥፋት የለበትም፤ ያጠፋ ስላልመሰለውም ደስ ብሎት ይኖራል። ማታ ማታ ከእናቴ እጅ ሲበላ ሳይ ግን አንዳንዴ ተነስቼ እወጣለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ያኔ «ይምቱት» ብል አያ አራጋው ይድኑ ነበር? የጤና ሠራተኛዋን ጠየቅኋት። «ልትድን የምትችል ቁስል ነበረች ብልህ ምን ይጠቅምሃል?» ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ስንዱን አገኘኋት። ከሰው መሃል ጠርታ አስቆመችኝ። ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ያን ሁሉ መንገድ ሮጠህ ባትደርስልኝ አባየን እጄ ሳይነካው ይቀር ነበር። ሙቀቱ ሳይለቀው ያቀፍኩት ባንተ ነው። ሁልጊዜ ላመሰግንህ እያልኩ ሳላገኝህ ቀርቼ ነው። እግዜር እድሜህን ያርዝመው፤ ክፉ አይንካህ።»

ሰው እየተጋፋ ያልፋል። እጇ ሞቃት ነበረች። እኔም አቀርቅሬ «አሜን» አልኳት።